ያን ክኒን ከመዋጥሽ በፊት

ሚጡዬ፣ ስልክሽን ከኋላሽ ሆኜ ማየቴ አይደብርሽ። የቂርቆሷ ጓደኛሽ ለብጉር የሚዋጠውን አይሶትሬቲኖይን በሻንጣ ልታስመጣልሽ ነው? ዘንድሮ ልጅ እንፈልጋለን ካላችሁ ተዪው። ካዛንቺስ በ2017 ከመፍረሱ በፊት ቢሆን፣ የሰፈራችን ፋርማሲስት ክኒኑን ከመስጠቷ በፊት «አርግዘሻል እንዴ?» ትልሽ ነበር። ሻንጣ ግን አይጠይቅም።

ምክንያቱን ስሚኝና ከዚያ ትቆጪኛለሽ። ለፋሲካ ዶሮውን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረን ስንነጭ፣ ላባው የተነቀለበት ቀዳዳ ጀርባው ላይ በመስመር በመስመር ተሰልፎ አይተሻል አይደል? ሰልፉ የሚወጣው እንቁላል ውስጥ ነው። ጫጩት ለመፈልፈል 21 ቀን ይፈጅባታል፤ በ7ኛው ቀን ገደማ ጀርባዋ ላይ ጥቃቅን እብጠቶች ብቅ ይላሉ፣ የላባ ቡቃያ ናቸው። እግሯ ላይ የሚወጣው ደግሞ ቅርፊት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ፈረንሳዊቷ ዳኒዬል ዱዋይና ባልደረቦቿ 10 ቀን ገደማ የሆነው የጫጩት ፅንስ ላይ ሬቲኖይክ አሲድ ጨመሩበት። ሰውነት ከቫይታሚን ኤ የሚሠራው ነው። እግሩ ላይ ያለው ቅርፊት ላባ አበቀለ! ሁሉ ነገር በሰዓቱ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ያው መጠን ያንን አያደርግም። አሠራሩን ለማወቅ እስከ 1987 ተጠብቋል። የሴል አስኳል ውስጥ ሬቲኖይክ አሲድን የሚይዙ ተቀባዮች አሉ፤ ሲይዙት አንዱን ጂን ያስነሳሉ፣ ሌላውን ያስተኛሉ። አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ ይባላሉ። ቆዳ ውስጥ ጎልቶ የሚገኘው ጋማ ነው።

እነዚሁ ተቀባዮች የሰው ፅንስም ውስጥ አሉ። የሬቲኖይክ አሲድ ወገን የሆነው አይሶትሬቲኖይን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 ተፈቀደ፤ በዓመቱ ገደማ ጆሯቸው፣ ልባቸውና አንጎላቸው የተጎዳ ሕፃናት መወለዳቸው ተዘገበ። ጉዳቱ የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፣ አንቺ ገና «ወር አበባዬ ዘገየ» እያልሽ ሳለ። ካቆምሽው በኋላም ቢያንስ አንድ ወር ሳይሞላ ማርገዝ የለብሽም። ለቆዳ በሽታ የሚሰጠው ዘመዱ አሲትሬቲን ደግሞ ሦስት ዓመት ያስጠብቃል። ፊት ላይ የሚቀባው የሬቲኖል ክሬም ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ስታረግዢ አስቀምጪው።

ደሞ ፈርተሽ ካሮትና ጎመን እንዳትተዪ፤ ሰውነትሽ ከእነሱ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው። ከውጭ የሚላክልሽ የቫይታሚን ብልቃጥ ላይ ግን ጽሑፉን አንብቢ፤ ለነፍሰ ጡር በቀን ከ10,000 ዩኒት ማለፍ የለበትም። ጤና ጣቢያ ለእህታችን ልጅ በየስድስት ወሩ የሚሰጡት ቀይ እንክብል 200,000 ነው፤ ለእሱ መልካም ነው፣ አንቺ እንዳትቀምሽው።

ብጉሩን ለቆዳ ሐኪም አሳዪ፣ ልጅ እንደምትፈልጊም ሳትደብቂ ንገሪው። ዱለት ላይ ያለው ጉበትም የቫይታሚን ኤ ጎተራ ነውና፣ ድርሻሽን ለባልሽ ተዪለት፤ እሱ እንደሆነ አይከፋውም።