የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት፦ ለማን? መቼ? ስለ ምን?

በየአጥቢያው በምንሰጠው የጤና ትምህርት ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። «ከአንድ ቤት ሁለት ሰዎች በአንድ ሳምንት ታመሙ። ሐኪሙ ጎልማሳውን ልጅ ዕረፍት አድርግ፣ ፈሳሽ ጠጣ ብሎ ሸኘው፤ ለነፍሰ ጡሯ ምራት ግን መድኃኒት አዘዘላት። ይህ አድልዎ አይደለምን?» የሚል ነው። አድልዎ አይደለም። ሐኪሙ በምን እንደሚመዝን ማወቅ ለሰበካ ጉባኤ አባላትም ለካህናትም ስለሚጠቅም በዚህ ዕትም እንመለከተዋለን።

አስቀድሞ ስሙን እንለይ። «ጉንፋን» ስንል ቀላሉንም ከባዱንም በአንድነት እንጠራለን። ቀላሉ ጉንፋን በአፍንጫ ፈሳሽና በማስነጠስ ቀስ ብሎ ይጀምራል። ኢንፍሉዌንዛ ግን ብዙውን ጊዜ በድንገት ይጥላል፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ የሰውነት ቁርጥማትና ደረቅ ሳል ያስከትላል። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃውና አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት ወረርሽኝ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበረ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድም የዚያ መከራ መታሰቢያ ነው።

ሐኪሙ የሚመዝናቸው ነገሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው የሕመሙ ክብደት ነው። ታማሚው ሆስፒታል የሚያስተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ መድኃኒቱ ሳይዘገይ ይጀመራል።

ሁለተኛው የታማሚው ሁኔታ ነው። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ይልቁንም ከ2 ዓመት በታች የሆኑት፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና በቅርቡ የወለዱ እናቶች፣ እንዲሁም አስም፣ የልብ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ወይም የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎች ሕመሙ ሊጸናባቸው ይችላል። ምራቲቱ መድኃኒት የታዘዘላት ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጊዜው ነው። ኦሴልታሚቪር የተባለው መድኃኒት ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ እንዳይባዛ ያግዳል። ቫይረሱ ከተባዛ በኋላ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ይበልጥ ይረዳል። ሕመሙ ለጸናበት ሰው ግን ሁለት ቀን ቢያልፍም ሐኪሙ ሊያዝለት ይችላል። ፈጣኑ ምርመራ በሽታውን አንዳንድ ጊዜ ስለሚስተው፣ ለአደጋ ለተጋለጠ ሰው ውጤት ሳይጠበቅ መድኃኒቱ ሊጀመርለት ይችላል።

ታዲያ ለሁሉም ለምን አይታዘዝም? ጤነኛ የነበረ ጎልማሳ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ ያለ መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱ የሚያሳጥርለት አንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። በአንጻሩ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ሊያስከትልበት ይችላል። የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ መጠኑ መስተካከል አለበት። ስለዚህ ከጎረቤት ተውሶ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም። አንቲባዮቲክም ቫይረስን አያጠፋም፤ የሚያስፈልገው በባክቴሪያ የሚመጣ የሳንባ ምች ሲከተል ነው። የተሻለው ሰው ትኩሳቱ ተመልሶ ቢነሣ አንዱ ምልክት ነውና ወደ ሐኪም ይመለስ።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ሐኪሙ በትክክል ቢመዝንም፣ ታማሚዋ በአምስተኛው ቀን ከደረሰች የመድኃኒቱ ዋና ጊዜ አልፏል። «ነገ ይሻላታል» እየተባለ ሁለቱ ቀናት የሚያልፉት በቤት ውስጥ ነው። አንዳንዶችም ጾም እንዳይሻርባቸው ሲሉ መድኃኒት ያዘገያሉ። የንስሐ አባት ጾም ሕሙማንን እንደማያስገድድ ሕመም ሳይመጣ አስቀድሞ ቢያስተምር ብዙዎችን ይታደጋል። ኮሚቴውም በአጥቢያው ያሉትን አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ነባር ሕመም ያለባቸውን ይወቅ። መድኃኒቱ በሁሉም ስፍራ ላይገኝ ስለሚችል የት እንደሚገኝ ጤና ጣቢያውን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ለማንኛውም ሰው የመተንፈስ ችግር፣ የደረት ሕመም፣ የአእምሮ መደናገር ወይም የከንፈር መጥቆር ከታየ፣ ሕፃንም መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው ሰዓት ሳይቆጠር ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ለውይይት፦
1. በአጥቢያችን ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ቢታመሙ በመጀመሪያው ቀን ማን ያውቃል?
2. ሌሊት የታመመችን ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት ማን ነው? ወጪውስ ከየት ይሸፈናል?