ክረምቱን አታስወልቁት፦ የመንጋጋ ማስተካከያ ያደረገ ልጅ ይዛችሁ ይፋግ ለምትሄዱ ወላጆች

ግንቦት በገባ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። ትኬቱ ተቆርጧል፣ ሻንጣው ለዘመድ በሚሆን ልብስና ጫማ መሞላት ጀምሯል፤ ልጁ ደግሞ ከመጋቢት ወዲህ የታች መንጋጋውን ወደ ፊት የሚያመጣ ማስተካከያ አድርጓል። «አገር ቤት የምንቆይባትን ሁለት ወር ብናወልቅለትስ? ስንመለስ ካቆመበት ይቀጥላል» ይባላል። አይቀጥልም። የቀጠሮውን፣ የኢንሹራንሱንና የልኬቱን ነገር ክሊኒካችሁ ይነግራችኋል፤ እኔ አላትትበትም። የምጽፈው ብዙ ወላጅ ገንዘቡንም የልጁንም የዕድገት ጊዜ ስለሚያጣበት ስለዚሁ ሁለት ወር ነው።

በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ትዊን ብሎክ ነው። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ክላርክ በ1977 እ.ኤ.አ. የሠራው ሲሆን፣ አንዱ በላይኛው አንዱ በታችኛው ጥርስ ላይ የሚገባ ሁለት ፕላስቲክ ነው። ልጁ አፉን ሲገጥም የሁለቱ ተዳፋት ተገናኝቶ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ይገፋዋል። ጉልበቱ የራሱ የልጁ ጡንቻ ስለሆነ፣ አፍ ውስጥ ባልዋለበት ሰዓት ምንም አይሠራም። ሕክምናው ከ9 ወር እስከ 1 ዓመት ገደማ ይወስዳል። ከ9 ወር ላይ 8 ሳምንት ስታነሱ አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው፤ ጉዳቱ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ገና የተንቀሳቀሰ ጥርስ ዙሪያውን ያለው አጥንት አልጸናለትምና ወደ ነበረበት ይመለሳል። መስከረም ላይ ፕላስቲኩ አልገባ ይላል፣ አዲስ ልኬት ይወሰዳል፣ አዲስ ሂሳብ ይመጣል። ማስተካከያው የሚታገዝበት የጉርምስና ዕድገት ደግሞ የእናንተን ጉዞ ቆሞ አይጠብቅም።

«ልጄ ጎበዝ ነው፣ ሲመለስ ያካክሰዋል» ለሚለኝ ወላጅ ማስረጃ አለኝ። በእንግሊዝ አገር ኬቪን ኦብራየን የመሩትና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 215 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሹ ትዊን ብሎክ፣ ለግማሹ ደግሞ ጥርስ ላይ ተጣብቆ የማይወልቀውን ሄርብስት ሰጠ። ትዊን ብሎክ ካደረጉት 33.6 በመቶው ሳይጨርሱ አቋረጡ፤ ከሄርብስቶቹ ያቋረጡት 12.9 በመቶ ናቸው። ውጤቱ ሲታይ የሁለቱ መሣሪያ ብርታት ያን ያህል አልተራራቀም። ያራራቃቸው አንደኛው በእጅ መውለቁ ነው። ውስጡ ሰዓት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ተደብቆ በተሠራባቸው ጥናቶችም ልጆች በእርግጥ የሚያደርጉት ከታዘዘላቸው ሰዓት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህ ልጆች ክሊኒኩ ቅርባቸው ነው፣ ትምህርት ቤታቸውም መኝታቸውም አልተለወጠም። ከሦስቱ አንዱ በዚያ ሁኔታ ካቋረጠ፣ ከለመደው ኑሮ ወጥቶ ይፋግ የአያቱ ቤት የገባው ልጅ ያለ እናንተ ጥበቃ ይጨርሳል ብሎ ማሰብ ልጁን መበደል ነው።

ለማስወለቅ ይበልጥ የሚገፋው ሕመሙ ሳይሆን የቤተ ዘመዱ ርኅራኄ ነው። ሕመሙና ለሃጩ በጥቂት ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይበርዳል። ልጁ ሰ፣ ዘ እና ጸ ሲል ይኮላተፋል፤ አማርኛው ቀድሞም የሚያፍርበት ከሆነ ጭራሽ አፉን ይዘጋል። መድኃኒቱ ከጉዞው በፊት በየቀኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብና ከአያቱ ጋር በስልክ ማውራት ነው። እርሷም ድምፁን ትለምዳለች። ሳትሰማ ሳታውቅ ድንገት ካየችው ግን «ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ!» ትላለች፤ ፍቅር ነው፣ ልትፈርዱባት አይገባም። ሊፈረድባችሁ የሚገባው ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ፣ ሰው «ልጁ ታመመ እንዴ?» እንዳይል ራሳችሁ «አውልቀው» ስትሉት ነው። ያን ቀን ልጁ የሚማረው ማስተካከያው ለይሉኝታ ሲባል የሚወልቅ ነገር መሆኑን ነው። ዋጋውንም በብር መንዝራችሁ አትናገሩ። አጎት የእርሻ በሬ፣ አክስት የቤት ቆርቆሮ ያሰላበታል፤ እናንተም በእፍረት ያላሰባችሁትን ትሰጡና የጠፋ ማስተካከያ ማሠሪያ ታጣላችሁ።

«እግዜር የሠራውን ምን አስነካው?» ለሚል ዘመድ መልሱ ቅርብ ነው። ጥርሷ ጎልቶ እንዲታይ ድዷን የተነቀሰች እናት ባለችበት አገር ስለ ጥርስ መድከም እንግዳ ነገር አይደለም። ከውበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ወጣ ያለ የፊት ጥርስ ልጅ ሲወድቅ ቀድሞ የሚሰበር ነው። እናንተ ግን ከልክ በላይ አትጠብቁ። ጥናቶቹ እንደሚያሳዩት አብዛኛው ለውጥ የጥርሶቹ መንቀሳቀስ ነው፤ መንጋጋው ራሱ የሚያገኘው ትርፍ ትንሽ ነው። ፍንጭት የምትወዱ ከሆናችሁም ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ዝም ካላችሁት ይዘጋዋል።

እንግዲያው ምን ይሻላል? ልጁ 8 ወይም 9 ዓመቱ ከሆነና ገና ካልጀመረ፣ ከጉዞው በኋላ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ቀድመው የጀመሩና በጉርምስና የጀመሩ ልጆች መጨረሻቸው ያን ያህል እንደማይለያይ ታይቷል፤ ቀድሞ መጀመር በግልጽ የሚጠቅመው የፊት ጥርስ ስብራትን ለመቀነስ ነው። ጉዞው አንድ ወር ሲቀረው መጀመር ግን ከሁሉ የከፋው ነው። «የማይወልቀውን እናስደርግና እንገላገል» የሚለውም አይሆንም፤ በኦብራየን ጥናት ሄርብስት ለጥገና ብዙ ጊዜ አመላልሷል፣ ይፋግ ላይ ሲላቀቅ ደግሞ የሚያጣብቅላችሁ የለም። «አዲስ አበባ ርካሽ ነው፣ እዚያ እናስጀምር» የምትሉ፣ በየወሩ ማን ሊያየው ነው? አንዱ ሐኪም የጀመረውን ሌላው በግማሽ መረከብ አይወድም፤ ቢረከብም እንደ አዲስ ያስከፍላል። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ አስቡበት፦ መድኑ 80 በመቶውን ይከፍላል፣ እናንተ የከፈላችሁት 20 በመቶ የሚመለሰው ሕክምናው በአግባቡ ሲጠናቀቅ ነው። እንግሊዝም ለልጅ ሕክምናው ነፃ ቢሆንም የጠፋው ያስከፍላል።

ክረምት ማለት ፍልሰታና ቡሄ ነው። ቆሎ፣ ሽምብራ፣ ሸንኮራ፣ ከነቆረቆንዳው የሚጋጥ የበቆሎ እሸትና የደረቀ ሙልሙል የማስተካከያውን ሽቦ ያጣምማሉ። እንጀራ፣ ሽሮና የፎገራ ሩዝ አያስቸግሩም። እሸቱን ፈልፍሉለት፣ ሙልሙሉን ቁረሱለት፤ ጭፈራው አይቅርበት። ሲበላ ያውልቅ አያውልቅ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ከወለቀ ግን ቦታው ደማቅ ቀለም ያለው ጠንካራ ሣጥን ነው። በሶፍት የተጠቀለለ ማስተካከያ ከትሪው ጋር ተነሥቶ ይጣላል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በታሸገ ውኃ እጠቡት፤ ትኩስ ውኃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ምላስ ወይም ጉንጭ ከላጠ ለብ ባለ የጨው ውኃ ይጉመጥመጥ፤ ሽቦ ከወጋው ከክሊኒኩ የያዛችሁትን ሰም ለጥፉበት እንጂ በጉጠት አትነካኩት። ሕመሙን አይቶ ግግ አውጪ ወይም ጥርስ ነቃይ የሚጠራ ዘመድ ካለ በሩ ላይ መልሱት።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ይፋግ ባለችበት በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድም ኢንተርኔትም ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ በቪዲዮ ሐኪም እናማክራለን ብላችሁ አትነሡ። ምን ሲሆን እንደሚወልቅ፣ ምን ሲሆን እንደማይወልቅ በጽሑፍ አስጽፉ፤ በደንብ ሲገባ ምን እንደሚመስል ፎቶ አንሱ። የመልስ ቀጠሮውን በተመለሳችሁበት ሳምንት ውስጥ አሁኑኑ ያዙ። መንገድ ላይ አልገባ ካለ በኃይል አታስነክሱት፤ በሣጥኑ አኑሩትና ያን ቀጠሮ አስቀድሙት።