ስለ ቪዲዮ ካሜራ ማስጠንቀቂያዎችና ስለ ባትሪና ካርድ አለዋወጥ

ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር በመጋዘን ደጃፍ እሽጉ ሲቈረጥ፥ ወደ ውጭ የሚላክ ቡና ተመዝኖ ሲጫን፥ ወይም ተሰባብሮ የደረሰ ዕቃ የኢንሹራንስ ገማች ከመምጣቱ በፊት የነበረበትን ሁኔታ በቪዲዮ ካሜራ ቀርጾ ማስቀመጥ በክርክር ጊዜ ለነጋዴው ትልቅ ማስረጃ ይሆነዋል። በእጅ ስልክ መቅረጽም ይቻላል፤ ነገር ግን ሰዓታት ለሚፈጅ ሥራ ባትሪውና ሜሞሪ ካርዱ እየተለወጠ የሚሠራው የቪዲዮ ካሜራ ይመረጣል። እንዲህ ያለው ቀረጻ ሁለተኛ ዕድል የለውም፤ አንድ ጊዜ የተቈረጠ እሽግ ተመልሶ አይታሸግምና። ታዲያ ቀረጻው ሊጠፋ የሚችለው ካሜራው ሲበላሽ ብቻ አይደለም። ካሜራው ሊዘጋ መሆኑን ሲያስጠነቅቅ የያዘው ሰው ደንግጦ ባትሪውን ወይም ካርዱን ያለ ጊዜው ቢነቅል ጥፋቱ ያው ነው።

የማስጠንቀቂያው ምክንያት እንደሚከተለው ነው። በዛሬዎቹ ካሜራዎች የሚገባው ባትሪ ሊቲየም አዮን የሚባለው ነው። አንዱ ሴል በሞላ ጊዜ 4.2 ቮልት ያህል ሲሆን፥ መደበኛ መጠኑ 3.6 ወይም 3.7 ቮልት ነው። በብዙ የካሜራ ባትሪዎች ላይ 7.2 ወይም 7.4 ቮልት ተብሎ የሚነበበውም ሁለት ሴሎች በተከታታይ ስለ ተያያዙ ነው። ቮልቱ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ሴሉ ይጎዳል። ስለዚህ ካሜራው ኃይሉ ጨርሶ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ አስቀድሞ የባትሪውን ምልክት ያብለጨልጫል፥ ቀጥሎም ራሱን ይዘጋል። በሁለቱ መካከል ያለው አጭር ጊዜ ለባለ ካሜራው የተሰጠው ቀረጻውን በሥርዓት እንዲያቆምበት እንጂ እስከ መጨረሻዋ ሰኮንድ እንዲቀርጽበት አይደለም።

የሶኒ ኩባንያ ኢንፎሊቲየም ብሎ የሰየማቸው ባትሪዎች የቀራቸውን ኃይል ለካሜራው ስለሚያስታውቁ በመስኮቱ ላይ ቀሪው ደቂቃ ይነበባል። ይህ ግን ግምት ነው። ባትሪው ያረጀ ወይም አየሩ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ 20 ደቂቃ የተባለው ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ማስታወቂያ መስጫ የሌለው ርካሽ ባትሪ ደግሞ ጨርሶ ደቂቃውን አያሳይም፤ በአንዳንድ ካሜራም ተቀባይነት አያገኝም። ባለ ሱቅ ይህን ለገዢው ከሽያጩ በፊት ቢነግረው መልካም ነው፤ ከሽያጭ በኋላ የሚነገር ነገር ሰበብ መስሎ ይታያልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ካሜራው በሚቀርጽበት ጊዜ ሥዕሉንና ድምፁን ወደ ካርዱ ያለ ማቋረጥ ይጽፋል። ኤም ፒ ፎር በሚባለው የፋይል ዓይነት እያንዳንዱ ሥዕል የት እንደ ተቀመጠ የሚያመለክተው ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ቀረጻው ሲቆም ነው። ከዚያ በፊት ኃይሉ ከተቋረጠ ሥዕሉ በካርዱ ላይ እያለ ፋይሉ አይከፈትም፤ ዕቃው በመጋዘን ሞልቶ የዕቃው መዝገብ እንደ ጠፋ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ባለሙያ ሊያድነው ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ድካሙና ወጪው ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በታየ ጊዜ በመጀመሪያ የቀረጻውን ቁልፍ ተጭኖ ማቆም ያስፈልጋል። ከዚያም በካርዱ መክደኛ አጠገብ ያለችውን ትንሽ መብራት መመልከት ነው። መብራቷ እስከ በራች ወይም እስካብለጨለጨች ድረስ ካሜራው በመጻፍ ወይም በማንበብ ላይ ነው፤ መክደኛው አይከፈት፥ ባትሪው አይነቀል፥ ካሜራውም አይመታ። መብራቷ ስትጠፋ ካሜራውን መዝጋት፥ ከዚያ በኋላ ባትሪውን ወይም ካርዱን መለወጥ ይገባል። ሥራው ረዥም ከሆነ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን መጠበቅ ራሱ ስሕተት ነው፤ ሠራተኞቹ ተራ ለመቀያየር በሚያርፉበት ሰዓት ባትሪውን መለወጥ ይሻላል። ሁለት የካርድ ማስገቢያ ያላቸው አንዳንድ ካሜራዎች አንዱ ካርድ ሲሞላ ወደ ሁለተኛው ራሳቸው ይሻገራሉ፤ ዋጋቸው ከፍ ቢልም ለመጋዘን ሥራ እነዚህን እመርጣለሁ።

በኤሌክትሪክ ገመድ የሚቀርጽ ሰው ከዚህ አደጋ የዳነ ይመስለዋል። ነገር ግን መብራት በድንገት ሲጠፋ ባትሪ የሌለበት ካሜራ ባትሪው እንደ ተነቀለበት ይቈጠራል። ገመዱ ለብቻው በሚሰካባቸው ካሜራዎች የተሞላውን ባትሪ ሳያወጡ መቅረጽ ይህን ያስቀራል።

ካሜራው በተዘጋ ቍጥር ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። ጥቂት ደቂቃ ሳይነካ ከቆየ ኃይል ለመቆጠብ ራሱን ይዘጋል። የሙቀት ምልክት ከታየ በጥላ ሥር ማሳረፍ እንጂ ባትሪ መቀያየር አይጠቅምም፤ ብዙ ካሜራዎች የተሠሩት ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላለው ሙቀት ስለ ሆነ በቆላ ፀሐይ ውስጥ መኪና ላይ ትቶ መሄድ አይገባም። በጅቡቲ ደግሞ ከቀዝቃዛ ቢሮ ወደ እርጥበታማው አየር በድንገት የወጣ ካሜራ ጤዛ ይይዛል፤ በከረጢቱ እንዳለ አየሩን እስኪለምድ ጥቂት መቆየት አለበት። በሶኒ ካሜራዎች ላይ ሲ በሚለው የላቲን ፊደል የሚጀምር ቍጥር ተጠቃሚው ራሱ ሊያስተካክለው የሚችለውን ጉድለት ሲያመለክት፥ በኢ የሚጀምረው በአብዛኛው ወደ ጠጋኝ ያስኬዳል።

ስለ ካርዱ ብዙ አንልም። በጎኑ ያለው ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ከተሳበ ካሜራው አልጽፍም ይላል። ፍጥነቱ ያነሰ ካርድ ቀረጻውን በመካከል ያስቆማል። አቅሙ በሐሰት የተጻፈበት ካርድም በገበያ አለ፤ አስመጪው ከየሣጥኑ ጥቂቱን አውጥቶ እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ቢያነበው እውነቱ ይገለጣል። ካሜራው ፋይሉን ላድስ ወይ ብሎ ከጠየቀ የተሞላ ባትሪ አስገብቶ መፍቀድ ይቻላል፤ ካርዱን ፎርማት ላድርግ ካለ ግን እሺ አይባልም፥ ካርዱም ሌላ ሳይቀረጽበት ተነሥቶ ይቀመጣል።

ለማስረጃ ቀኑም ዋጋ አለው። የቀኑን ሰዓት የሚይዘው ውስጠኛ ባትሪ በሶኒ ካሜራዎች ሦስት ወር ያህል ያለ ሥራ ከቆየ ያልቃል፤ ካሜራው ሲነሣ የተሳሳተ ቀን ይመዘግባል፥ ገማቹም ይጠራጠራል። ከሥራው በፊት ባለው ቀን ሰክቶ ማደርና ቀኑን ማስተካከል ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ባትሪ ለሚያስመጡ። ከመጋቢት 23 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለብቻው የታሸገ ሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነትነት እንዳይላክ በዓለም አቀፍ ደንብ ተከልክሏል። በጭነት አውሮፕላን የሚላከውም ከ30 በመቶ በላይ እንዳይሞላ ታዟል። መንገደኛ ግን ትርፍ ባትሪውን በእጅ ሻንጣው ይይዛል፤ ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። ቮልቱን በአምፔር ሰዓት ማባዛት ነው፤ 7.2 ቮልትና 6.6 አምፔር ሰዓት የሆነው ትልቅ የካሜራ ባትሪ 47.5 ዋት ሰዓት ያህል ስለሚሆን ያልፋል። የብረት ጫፎቹ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር እንዳይነካኩ እያንዳንዱ በየክዳኑ ወይም በየላስቲኩ ይጠቅለል፤ ያበጠ ባትሪ ካለም ከነጭራሹ አይጫን።