በጡረታ የተሰናበቱ አባትና የእኛ ዕዳ



በ19ኛው ምእት ዓመት መተማ የባሪያ ገበያ ነበረባት። በዚያ ቆላ ከሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ብዙዎች በቆዳቸው ጥቁረት ተንቀው፣ ከቀያቸው ተይዘው ተሸጠዋል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባርነትን ሻረ፤ ንቀትን ግን አዋጅ ብቻውን አይሽረውም።

ይህንኑ በኑሮአቸው ያስተማሩን የደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ናቸው። መምህር ሳሉ መንግሥት ለጥቁር ልጆች ዝቅ ያለ ትምህርት ቢደነግግ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ኋላም ቅስናን ተቀበሉ። የዘር መድልዎን ያለ ጦር መሣሪያ በመታገላቸው በ1977 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። በ1988 ዓ.ም. ከኬፕታውን መንበራቸው በጡረታ ቢሰናበቱም ሥራ አልፈቱም፤ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽንን በሊቀ መንበርነት እየመሩ የተበዳዩንም የበዳዩንም ቃል ሰሙ። ያረፉት በ2014 ዓ.ም. ነው።

እንዲህ ያለውን አባት ማክበር በጭብጨባ አይፈጸምም። ጉሙዞች ዛሬም በመተማና በቋራ ይኖራሉ። ከእነርሱ አንዱ ለትምህርት መጥቶ ከአጠገባችን ሲቀመጥ በምን ስም እንጠራዋለን? የጥንቱን የንቀት ስም ትተን፣ እናቱ ባወጣችለት ስም የጠራነው ዕለት ሊቀ ጳጳሱን በእውነት አከበርን ማለት ነው።