ምዕራፍ አራት፦ ደብተሩ ሲዘጋ

በየሰፈሩ "ቀን ከሌት ያጠናል" የሚባል ልጅ አይጠፋም። እናቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ድምፃችሁን ቀንሱ፣ ልጁ እያጠና ነው" ትላለች። ልጁም አልዋሸም። ደብተሩ በቢጫ ሃይላይተር ተለቅልቋል፣ ሾርት ኖቱ በሦስት ዓይነት ቀለም ተጽፏል፣ አንዱን ምዕራፍ አራት ጊዜ ተመላልሶበታል። ፈተና ላይ ሲቀመጥ ግን ጥያቄው ላይ አፍጥጦ ይቀራል። "ይህን እኮ አውቀዋለሁ፣ ገጹ ራሱ ይታየኛል" ይላል። ገጹ ይታየዋል፤ መልሱ የለም።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። የሸወደው ንባቡ ራሱ ነው። አንድን ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ ስናነበው ዓይናችን ስለለመደው ይቀለናል፤ ያንን ቅለት እውቀት አድርገን እንቆጥረዋለን። ታክሲ ሰልፍ ላይ በየጠዋቱ የምታዩትን ሰው አስቡት። መልኩን በሺህ ሰው መሃል ትለዩታላችሁ፤ ስሙን ቢጠይቋችሁ ግን ዝም ነው። "የእኛ ፈተና ምርጫ ነው፣ ሳየው ትዝ ይለኛል" የሚል አይጠፋም። ፈተና አውጪውም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ አራቱንም ምርጫዎች የምታውቋቸው እንዲመስላችሁ አድርጎ ነው የሚጽፋቸው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰብስበው አጫጭር ጽሑፎች አስጠኑ። አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡት ፈቀዱላቸው፤ ሌላውን ግን ወረቀቱን ወስደው የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አዘዟቸው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ማንበብ አሸነፈ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት የቀረላቸው 42 በመቶ ሲሆን፣ ወረቀቱ ተወስዶባቸው ከጻፉት ግን 56 በመቶ ቀረላቸው። በፈተናው ዋዜማ ሲያነብ ያደረ ልጅ "ሁሉም ገብቶኛል" ብሎ የሚምለው ለዚህ ነው። ለአምስት ደቂቃ እውነቱን ነው።

ነገሩ ለእኛ አገር አዲስ መሆን አልነበረበትም። የቅኔ ተማሪ መምህሩ ሲዘርፉ ሰምቶ፣ አገባቡን ተምሮ ሲያበቃ፣ ዝም ብሎ የሰማውን እያነበነበ አይውልም። ጫካ ገብቶ ወይም ጥግ ይዞ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ጀማሪው ጉባኤ ቃና በሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ይነሣል። ቤት ቢጎድለው ወይም ምሥጢር ቢስት እዚያው ይታረማል። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከዚያ ሁሉ ሀብት የወረሰው ሽምደዳውን ብቻ ይመስለኛል፤ ቆጠራውንና ነገራውን ትቶ።

እንዴት ይደረጋል? የባዮሎጂ መጽሐፋችሁን ፎቶሲንተሲስ ላይ ክፈቱ። ሁለት ሦስት ገጽ በጥሞና አንብቡና ዝጉት። ባዶ ወረቀት አውጡ፦ ምን ገባ? ምን ወጣ? የትኛው የሴል ክፍል ውስጥ? ብርሃን የሚያስፈልገው የትኛው ደረጃ ነው? ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ መግባታቸውን፣ ኦክስጅን መውጣቱን ትጽፉታላችሁ። ክሎሮፕላስትና ክሎሮፊል ግን ይምታቱባችኋል፤ ስኳሩ በየትኛው ደረጃ እንደሚሠራም ይጠፋችኋል። አሁን መጽሐፉን ከፍታችሁ ያንን የጎደለውን ብቻ በቀይ እስክሪብቶ ሙሉት። ከነገ ወዲያ ሌላ ባዶ ወረቀት፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ራሱን እየፈተነ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ የተማርነው ነገር በብዛት የሚያፈተልከው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። በተለያዩ ቀናት ከፋፍለው የሚከልሱት ደግሞ በአንድ ሌሊት ከተጠቀጠቀው ይልቅ ይቆያል።

ባዶ ወረቀት ያሳፍራል። ሃይላይተር የሚወደደው ስለማያሳፍር ነው።

በነገራችን ላይ፣ በፈተና ሰሞን ጫት ይዞ ማደርን እንደ ጉብዝና የሚያወሩ ታላላቆች ያጋጥሟችኋል። አእምሮ ቀን የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ሌሊቱን የሰጠ ሰው ቀኑንም ጭምር ነው የሰጠው።

አሁን ወደ ግብ እንምጣ። "ዶክተር መሆን እፈልጋለሁ" ጥሩ ነው፤ ዘመድ ሲጠይቅ ለመመለስም ይመቻል። ችግሩ ማክሰኞ ማታ ምን እንደምታደርጉ አለመንገሩ ነው። ፒተር ጎልቪትዘር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር የሠራው ሙከራ አለ። ተማሪዎች የገና ዋዜማን እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። ገሚሶቹ መቼና የት ተቀምጠው እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ። ከእነዚህ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ በቀኑ ጻፉ፤ ከሌሎቹ ግን ከሦስቱ አንዱ ገደማ ብቻ። የሁሉም ፍላጎት አንድ ነበር፤ የለያቸው ሰዓቱና ወንበሩ ነው።

ስለዚህ ግባችሁን እንዲህ ጻፉት፦ "ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፣ ስምንት የሒሳብ ጥያቄ፤ መብራት ከጠፋ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት።" የመብራቱ ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እንቅፋቱን አስቀድሞ የቆጠረ እቅድ ነው የሚዘልቀው። ከትምህርት ቤት መልስ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ታናናሾቿን አብልታ የምታስተኛ ልጅ "በቀን አራት ሰዓት አጥኚ" የሚል ምክር ምን ያደርግላታል? ለእሷ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ቤቱ ሳይነቃ፣ አርባ ደቂቃና አንድ ባዶ ወረቀት ይበቃታል። ወላጆችም ይህን ምዕራፍ የምታነቡ ከሆነ፣ ጋገራውን ወንድሟም ሊማረው ይችላል።

አንድ ደረቅ እውነት እዚህ ላይ መነገር አለበት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ያም ሆኖ አብዛኛው ተማሪ ከበሩ ውጭ ነው። እናም ግባችሁ አንድ በር ብቻ ያለው አይሁን። ቴክኒክና ሙያ የገባን ልጅ "ወድቆ ነው" ማለት የከተማችን መጥፎ ልማድ ነው። ያው ተናጋሪ ቧንቧው ሲፈነዳ ወይም መኪናው ሲቆም ባለሙያ ፍለጋ አገር ያዳርሳል።

የመጀመሪያ ሥራም የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ በሮች በፊት ነው። በክረምት የአጎት ሱቅ መጠበቅ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ታይፕ ማድረግ፣ ጋራዥ መዋል፣ የጎረቤት ልጆችን ማስጠናት። ምርጫ ካላችሁ እኔ ማስጠናቱን አስቀድማለሁ። ለአምስተኛ ክፍል ልጅ ክፍልፋይ ስታስረዱ "ለምን ታችኛው ቁጥር አይደመርም?" ብሎ ሲያፋጥጣችሁ፣ ምን ያህል እንደምታውቁት እዚያው ይለያል። በቅኔ ቤትም የበረታው ተማሪ ጀማሪዎቹን የሚያስቀጽለው በከንቱ አልነበረም።

ሱቅ ብትገቡ ደግሞ የዱቤ ደብተሩን ተረከቡ። ማን ምን ወሰደ፣ መቼ ከፈለ፣ የትኛው ዕቃ በሳምንት አለቀ፣ የትኛው አቧራ ለበሰ። ከዚህ ጎን ለራሳችሁ አንድ ቀጭን ደብተር ያዙ፤ የተከፈላችሁን፣ ለቤት የሰጣችሁትን፣ ያስቀመጣችሁትን ጻፉበት። የመጀመሪያ ደመወዝ ጫማ ላይ ቢያልቅ ግን ብዙ አልቆጣም። አንድ ጊዜ ነው።

ሕጉን ማወቅም ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 ዓመት ጀምሮ 18 እስኪሞላችሁ ወጣት ሠራተኛ ትባላላችሁ፤ የሥራ ሰዓታችሁ በቀን ከ7 ሰዓት አይበልጥም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓል ቀን ማሠራትም ተከልክሏል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተስማማችሁበትን በጽሑፍ ፈርሞ መስጠት አለበት። ሰፈር ውስጥ ይህን የሚያደርግ ብዙ አታገኙም፤ ስለ ወረቀት የጠየቀ ልጅም "ደፋር" ይባላል። እንግዲያውስ ስልካችሁን ተጠቀሙ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ባለው ማታ በትሕትና እንዲህ ብላችሁ ላኩ፦ "ጋሼ፣ በተነጋገርነው መሠረት ከሰኞ ጀምሮ ከ8 እስከ 11 ሰዓት እገባለሁ፤ ክፍያው ወር በገባ በ30 ነው። ልክ ነኝ?" "እሺ" ብለው ከመለሱላችሁ መልእክቱን አታጥፉት።