ራሊ በስታዲየም፦ የጠባብ መታጠፊያ ፊዚክስ

የራሊ ውድድር በባሕርዩ ከከተማ የራቀ ስፖርት ነው። መኪኖቹ በጫካ፣ በተራራና በጠጠር መንገድ ላይ በደቂቃዎች ልዩነት ተራ በተራ ይነሣሉ፤ አሸናፊውም የሚለየው በሰዓት ነው። ረጅም መንገድ ተጉዞ ከመንገዱ ዳር የሚቆም ተመልካች እያንዳንዱን መኪና የሚያየው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ሲሆን፣ ማን ማንን እንደሚበልጥ በዐይኑ ሊፈርድ አይችልም። ታዲያ እንዲህ ያለውን ስፖርት ለአዲስ ተመልካች እንዴት ማስተዋወቅ ይቻላል? አዘጋጆች ካገኟቸው መልሶች አንዱ ውድድሩን ወደ ከተማ ስታዲየም ማምጣት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ዘዴ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስቀር ከፊዚክስ አንጻር እንመለከታለን።

አጀማመሩ

እ.ኤ.አ. 1986 ለራሊ የሐዘን ዓመት ነበር። በመጋቢት ወር በፖርቱጋል ራሊ አንድ መኪና ከመንገዱ ወጥቶ ተመልካቾች መካከል በመግባቱ 3 ሰዎች ሲሞቱ ከ30 በላይ ቆሰሉ። በግንቦት ወር ደግሞ ፊንላንዳዊው አሽከርካሪ ሄንሪ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ በኮርሲካ ሕይወታቸው አለፈ። ለቶይቮነን መታሰቢያ እንዲሆን ፈረንሳዊቷ የራሊ አሽከርካሪ ሚሼል ሙቶንና ፍሬድሪክ ዮንሰን በ1988 «የሻምፒዮኖች ውድድር» የተባለውን መሠረቱ። ውድድሩ በ2004 ወደ ፓሪሱ ስታድ ደ ፍራንስ የገባ ሲሆን፣ በኋላም በለንደን ዌምብሌይ (2007)፣ በቤጂንግ (2009) እና በሲድኒ (2025) ስታዲየሞች ተካሂዷል። የዓለም ራሊ ሻምፒዮናም በበኩሉ በ2005 በካርዲፉ ሚሌኒየም ስታዲየም፣ እንዲሁም ቀነኒሳ በቀለ በ2004 የ10,000 ሜትር ወርቅ ባገኘበት የአቴንስ ኦሊምፒክ ስታዲየም አጫጭር የራሊ ምዕራፎችን አካሂዷል።

ሁለት መኪኖች፣ እኩል ርቀት

በስታዲየም ውስጥ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን በተሠሩ ሁለት መስመሮች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። ይሁን እንጂ በማንኛውም ክብ መንገድ የውስጡ መስመር ከውጭው ያጥራል። ሯጮች በ400 ሜትር ውድድር ከተለያየ ቦታ የሚነሡትም በዚህ ምክንያት ነው። በሻምፒዮኖች ውድድር ችግሩ የሚፈታው በድልድይ ነው፤ አንዱ መስመር በድልድዩ ላይ፣ ሌላው ከሥሩ ያልፋል። በመሆኑም በውስጥ የጀመረው መኪና ቀጣዩን ዙር በውጭ ይሮጣል። ሁለቱን መስመሮች የጨረሱ መኪኖች እኩል ርቀት ተጉዘዋል ማለት ነው። በዚህም የሰዓቱ ፉክክር በዐይን ወደሚታይ ግጥሚያ ይለወጣል።

ፍጥነትን የሚወስነው ራዲየስ

መኪና ሲታጠፍ ወደ ክቡ መሐል የሚስበው ኃይል ያስፈልገዋል። በሜዳማ መንገድ ይህን ኃይል የሚሰጠው በጎማና በመሬት መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ስለሆነም መኪናው ሳይንሸራተት ሊታጠፍበት የሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት በራሱ ሲባዛ፣ የሰበቃው ቁጥር፣ የመሬት ስበት ፍጥንጥነትና የመታጠፊያው ራዲየስ ተባዝተው ከሚሰጡት ውጤት ጋር እኩል ይሆናል። በስሌቱ ውስጥ የመኪናው ክብደት እንደማይገባ ልብ ይሏል።

ለምሳሌ የሰበቃው ቁጥር 0.6 ነው እንበል። ራዲየሱ 150 ሜትር በሆነ የገጠር መታጠፊያ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 107 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በስታዲየም ግን የመሮጫው መም መታጠፊያ የውስጥ ራዲየስ እንኳ 36.5 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ ሁለት መስመሮችን ማጠላለፍ ስለሚያስፈልግ መታጠፊያዎቹ ከዚህም ይጠብባሉ። ራዲየሱ 15 ሜትር ቢሆን ፍጥነቱ ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይወርዳል።

ይህ መቀነስ ለተመልካቹ ደኅንነት ትልቅ ትርጉም አለው። የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ከላይ ባየናቸው ሁለት መታጠፊያዎች መካከል ያለው የኢነርጂ ልዩነት 10 እጥፍ ነው። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በመጀመሪያው 529,000 ጁል ገደማ ሲኖረው፣ በሁለተኛው 53,000 ጁል ብቻ ይኖረዋል። መከላከያ ግድግዳ ሊያቆመው የሚገባው ይህን ኢነርጂ ነው።

ጣሪያ ባለበት ስታዲየም ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ በቂ የአየር ዝውውር የግድ ነው። ድምፁም ከጣሪያና ከግድግዳ ተንጸባርቆ ስለሚመለስ የሕፃናትን ጆሮ መሸፈን ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

ስታዲየሙ ለአዲሱ ተመልካች መቀመጫ፣ ሙሉ እይታና ደኅንነት ይሰጠዋል። የሚያስቀርበትም አለ፤ ረዳት አሽከርካሪው ከፊት ያለውን የማይታይ መታጠፊያ ከማስታወሻው እያነበበ የሚመራበት ጥበብ፣ የሚለዋወጠው መሬትና አየር በጥቂት ደቂቃ ዙር ውስጥ አይገኙም። ደኅንነቱም ከስታዲየሙ ግድግዳ አይሻገርም። በ2005 በካርዲፍ ስታዲየም በተካሄደበት በዚያው ራሊ የመጨረሻ ቀን፣ የማርኮ ማርቲን መኪና በማርጋም ፓርክ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ረዳቱ ማይክል ፓርክ ሕይወቱ አልፏል። ስለዚህ በስታዲየም ራሊን የወደደ ሰው አንድ ቀን ወደ ጫካው መንገድ ቢሄድ፣ በዚያ የሚያልፈው መኪና በስታዲየሙ ካየው ብዙ እጥፍ ኢነርጂ እንደሚይዝ፣ በመካከላቸውም ግድግዳ እንደሌለ ሊያውቅ ይገባል። አዘጋጆች አዲስ ተመልካች ሲጋብዙ ከትኬቱ ጋር ይህንንም ትምህርት ሊሰጡት ይገባል።