ማልያው ሮጠ፤ ቀለሙስ ለምን ቀረ?



በስልክ የእግር ኳስ ጨዋታ ስናይ ቀይ ማልያ የለበሰ ተጫዋች ሲሮጥ አንዳንዴ ቀለሙ ከኋላው ሳሩ ላይ የቀረ ይመስላል። ሰውየው ሄዷል፤ ቅላቱ ግን እዚያው ነው። ይህ ከምን ይመጣል? መድኃኒቱስ ምንድን ነው? ነገ ክፍል ገብተን ሊትመስ ወረቀት ከሰማያዊ ወደ ቀይ ሲለወጥ በቪዲዮ ለማሳየት ለምናስብ ዕጩ መምህራን ጥያቄው ቀላል አይደለም። ቀለሙ ከተዛባ ትምህርቱም ይዛባልና።

1. ሥዕሉ እንዴት ይከፈላል?

እንደሚታወቀው የሰው ዓይን የብርሃንን ልዩነት አጥርቶ ያያል፤ የቀለምን ዝርዝር ግን ያን ያህል አይለይም። ስለዚህ በቪዲዮ ሥራ እያንዳንዱ ሥዕል በሦስት ክፍል ይያዛል። አንዱ የብሩህነት፣ ሁለቱ የቀለም ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የቀለም ክፍሎቹ ወርድም ቁመትም በግማሽ ይቀነሳል። ሥዕሉ 1920 በ1080 ቢሆን 2,073,600 የብሩህነት ነጥቦች ሲኖሩት እያንዳንዱ የቀለም ክፍል 518,400 ብቻ፣ ማለትም ሩቡን ይይዛል። እንዲያም ሆኖ ለአንድ ነጥብ አንድ ባይት፣ በሰከንድ 25 ሥዕል ብናስብ ወደ 78 ሚሊዮን ባይት ይደርሳል። ታዲያ ይህን በየትኛው የስልክ መስመር እናስተላልፈው?

2. እንቅስቃሴን መተንበይ

መላው እንዲህ ነው። አንድ ሥዕል ካለፈው ሥዕል ብዙም አይለይም። ስለሆነም ሥዕሉ በትንንሽ ካሬዎች ይከፈልና ቪዲዮውን የሚያምቀው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ካሬ «ይህ ባለፈው ሥዕል ውስጥ የት ነበር?» ብሎ ይፈልጋል። ካገኘው በኋላ ካሬውን በሙሉ አይልክም፤ የተንቀሳቀሰበትን አቅጣጫና ርቀት፣ ማለትም ቬክተሩን፣ ከዚያም የቀረውን ልዩነት ብቻ ይልካል።

ለቀለምስ? ለቀለም የተለየ ቬክተር አይላክም፤ የብሩህነቱ ቬክተር በልኩ ተቀንሶ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ኤች 264 በተባለው ደንብ የብሩህነት ቬክተር እስከ ሩብ ነጥብ ይለካል። የቀለም ክፍል በግማሽ ያነሰ ስለሆነ ያው ቬክተር እዚያ እስከ አንድ ስምንተኛ ነጥብ ይሆናል። ለምሳሌ ብሩህነቱ 5/4 ነጥብ ቢንቀሳቀስ ቀለሙ 5/8 ነጥብ ይንቀሳቀሳል። ይህ ቦታ በሁለት ነጥቦች መካከል ስለሚውል ዋጋው በስሌት ይገኛል። የግራው 80፣ የቀኙ 160 ቢሆን፦

(3 × 80 + 5 × 160) ÷ 8 = 130

በ2013 የወጣው ኤች 265 ደግሞ በሁለት ነጥቦች ፋንታ በየአቅጣጫው አራት ነጥቦችን ስለሚያይ የቀለሙ ግምት ይሻሻላል።

3. ችግሩ የቱ ላይ ነው?

ፕሮግራሙ ቬክተሩን ሲመርጥ ብሩህነትን ብቻ ካየ ሊታለል ይችላል። በተለመደው ቀመር ብሩህነት ማለት 0.299 ቀይ + 0.587 አረንጓዴ + 0.114 ሰማያዊ ነው። 200 ቀይ ብቻ ያለው ማልያ 59.8 ይሰጣል። 102 አረንጓዴ ብቻ ያለው ሳር ደግሞ 59.9 ይሰጣል። ሁለቱም ወደ 60 ናቸው! ለዓይናችን ቀይና አረንጓዴ የሆኑት ለፕሮግራሙ አንድ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ የማልያውን ካሬ ከሳሩ ጋር ሊያዛምድ ይችላል። የተሳሳተውን ቀለም ለማረም ተጨማሪ ባይት ያስፈልጋል፤ ባይቱ ከተቆጠበ ደግሞ ቀለሙ ተዛብቶ ይቀራል። ለቀለም መቅረት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

4. መፍትሔው

መፍትሔው ሲመረጥ ቀለሙንም መጠየቅ ነው። ሁለት አማራጮች አሉ እንበል።

አማራጭ ሀ፦ የብሩህነት ልዩነት 300፣ የቀለም ልዩነት 40፤ ድምር 340።
አማራጭ ለ፦ የብሩህነት ልዩነት 290፣ የቀለም ልዩነት 900፤ ድምር 1,190።

ብሩህነትን ብቻ ያየ «ለ»ን ይመርጣል፤ ይሳሳታልም። ሁለቱንም የደመረ «ሀ»ን ይመርጣል።

«ሥራው አይበዛም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይበዛል። በ16 በ16 ካሬ 256 የብሩህነት ነጥቦች አሉ፤ ሁለቱ የቀለም ክፍሎች እያንዳንዳቸው 64 ሲጨምሩ 384 ይሆናል። ማነጻጸሩ በግማሽ ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ ሰፊው ፍለጋ በብሩህነት ብቻ ይካሄድና መጨረሻ ላይ የቀሩት ጥቂት አማራጮች በቀለምም ይመዘናሉ። ኤክስ 264 የተባለው ታዋቂ ፕሮግራም ቬክተሩን በሚያጠራበት ደረጃ ቀለሙንም የሚያይበት ዘዴ አለው።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅም ግን ይህ ነው፤ በተመልካቹ ስልክ ላይ ምንም ነገር መለወጥ አያስፈልግም። ተቀባዩ የሚደርሰው ቬክተሩ እንጂ ቬክተሩ እንዴት እንደተመረጠ አይደለም። የላኪው ጥንቃቄ አሮጌ ስልክ ለያዘውም ተማሪ ይደርሳል። ቪዲዮ አዘጋጅተን ስናምቅ እንግዲህ ፋይሉ ማነሱን ብቻ ሳይሆን የሚንቀሳቀሰው ነገር ቀለሙን ይዞ መሄዱንም እንይ፤ በተለይ ትምህርቱ ያለው በቀለሙ ላይ ከሆነ።

መልመጃ

ሀ. የብሩህነት ቬክተር 3/4 ነጥብ ቢሆን የቀለሙ ስንት ይሆናል?
ለ. የግራው ነጥብ 40፣ የቀኙ 120 ቢሆን በዚያ ቦታ የቀለሙ ዋጋ ስንት ነው?

መልስ፦ ሀ. 3/8 ለ. 70

መልካም ጥናት!